ለሁለቱ ልጆቼ በአንድ ወረቀት የተላከ መጥሪያ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከኮሌጁ የኋላ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራው ልብስ ሰፊ፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የትምህርት ክፍልዎ ማሽኖችም ጤናቸው የተሟላ መሆኑን ከላኩልን ደብዳቤ ተረድቼ ተደስቻለሁ።

ደብዳቤው የፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ ለምትማረው ለታናሽ ልጄ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው የቤት ሥራዋ አምና ከገባ የሌላ ተማሪ ሥራ ጋር ሰማንያ አንድ ከመቶ መመሳሰሉን ኩረጃ የሚለየው ፕሮግራምዎ ስላረጋገጠ፣ ኮራጇም አስኮራጇም ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ ያዛል። አስኮራጅ የተባለችው ታላቋ ልጄ ናት። ከሞተች አሥር ወር ሆኗታል። ስለዚህ ውለታዎን በቁጥር ለይቼ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩. ስሟን ስለጠሩልን። እኛ ቤት እናቷ ፊት ስሟን የሚያነሣ ሰው የለም። መጥሪያውን ያመጣው መልእክተኛ በራችን ላይ ቆሞ ሙሉ ስሟን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ባለቤቴ ከጓዳ «አቤት በይ እንጂ ልጄ፣ እየጠሩሽ ነው» አለች። ከዚያ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ቁጭ አለች።

፪. ስለ መቅረት ደንብዎ ጽናት። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ አራት ክፍለ ጊዜ የቀረ ተማሪ ከኮርሱ እንደሚሰረዝ የሚያሳስበውን ማስጠንቀቂያ በየሳምንቱ ስልኳ ላይ ይልኩላት ነበር። ከቀብሯ በኋላም ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሌላው ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እርስዎ ብቻ ትመጣለች ብለው ስለጠበቋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፫. ስለ ፕሮግራምዎ ዐይን። ታላቋ ልጄ መቁጠር የተማረችው በሱቄ ወለል ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እየደረደረች ስለ ነበር፣ በምትጽፈው ኮድ ውስጥ የሚቆጥረውን ነገር ሁሉ «ቁልፍ» ብላ ትሰይመዋለች። በየሦስት መስመሩም «ይተንፍስበት» እያለች አንድ ባዶ መስመር ትተዋለች። ታናሿን የልብስ ልክ በምነድፍበት የቅድ ወረቀቴ ጀርባ፣ በገዛ ጠመኔዬ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ታናሿም እንደዚያው ትጽፋለች፣ ፕሮግራምዎ ያየው ይህንን ነው። እኔም ኮሌታ የምቆርጠው ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት በሚቆርጡበት መንገድ ነው፤ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏል፣ እስከ ዛሬ ኮሚቴ ፊት ያቀረበኝ ደንበኛ ግን የለም።

፬. ስለ ጸሐፊዎና ስለ መምህሩ ደግነት። መሞቷን ልነግር ብሄድ ጸሐፊዋ «ነፍስ ይማር አባባ፣ ግን ሁለቱም ካልፈረሙ ሲስተሙ ፋይሉን አይዘጋውም» ብላ በትሕትና ሸኘችኝ። መምህሩ ደግሞ ታናሿ «ቁልፍ» የሚለውን ስም ቀይራ፣ ባዶ መስመሮቹን አጥፍታ እንደገና ብታስገባ ነገሩ እንደሚቀር፣ እምቢ ካለች ግን ከኮርሱ እንደምትባረር ነግረዋታል። ቀይሪው ልላት ነበር። «አባዬ፣ መቀየሩ ቀላል ነው» አለችኝ። «ግን ስጽፍ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቷን መስመሩ ላይ ታደርጋለች። ከቀየርኩት የት ትቀመጣለች?» አጠገቧ ያለውን ወንበር አየሁት፤ ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም።

ክቡር ኃላፊ፣ ምስጋናው ይብቃኝና ልለምንዎ። አንዷን ቀብሬአለሁ። የቀረችውን እህቷ ስላስተማረቻት ብለው አያባርሩብኝ።

ሐሙስ በሰዓቱ እንቀርባለን። የታላቋን ፊርማ የሚቀበሉበት መንገድ ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ እኔም የምጠይቃት ነገር ነበረኝ።

ለሙታን እንኳ ቀጠሮ ለማይነፍገው ክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በትሕትና እየገለጽኩ፣
የኮራጇና የአስኮራጇ አባት፣
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታላቋ ልጄ ትምህርቱ ላልገባው ሁሉ ላቦራቶሪው ውስጥ ታስረዳ እንደ ነበር ጓደኞቿ ነግረውኛል። እባክዎ ፕሮግራምዎን በሌሎቹም ተማሪዎች ሥራ ላይ ያስኪዱልኝ። በማንም ልጅ ሥራ ውስጥ እጇ ከተገኘ መጥሪያ ይላኩልን፤ እናቷን ይዤ እመጣለሁ።