ስድስት ሳምንት ቀድማ ስለተናገረችው ተማሪ

ታኅሣሥ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ገረመው ወልደሰንበት
የምሥራቅ ፀሐይ የጤና ረዳቶች ኮሌጅ
የትምህርት ማዘመኛ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ቦሌ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከስብሰባው ብዛት እንዳልደከመ፣ ዓይንዎም ከቃለ ጉባኤው ብዛት እንዳልፈዘዘ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ጆሮዎ ደኅንነት ግን መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ እኛ መምህራን በየቀኑ እናስታውሰዋለንና።

ይህ ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «ሒስ» በሚለው ዓምድ ሥር የተለጠፈው ከድፍረት የተነሣ አይደለም። በሐምሌው ስብሰባ ላይ እርስዎ ራስዎ «የተደበቀ ሒስ አይኑር፣ ያለው ሁሉ በግልጽ ይጻፍ» ብለው ስላዘዙን መመሪያ ለመፈጸም ነው። ስሜ ዘርፌ ደምሰው ሲሆን «የሕመምተኛ አቀባበል» የተባለውን ትምህርት በኮሌጁ ሳስተምር ይህ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ስለበዛ እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ቴፖቹ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰኔ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡትን ቴፕ ሪከርደሮች ሲያስረክቡን «ተማሪ ደብተር ላይ ተደፍቶ የሚገለብጥበት ዘመን አበቃ፤ ከእንግዲህ ትምህርታችን ሕያው ይሆናል» ብለው ነበር። እኔም አመንኩዎት። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ትምህርቱን እንደ አዲስ አዘጋጀሁት። ስምንት ዓመት ያነበብኩላቸውን ሠላሳ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ወደ ጎን አድርጌ፣ አንዷ ተማሪ ሕመምተኛ፣ ሌላዋ ጤና ረዳት ሆነው ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ፣ ቴፑ እንዲቀዳቸው፣ ከዚያም ክፍሉ በሙሉ አዳምጦ እንዲተች አደረግሁ።

በመጀመሪያው ቀን ትግስት የተባለችው ፈጣኗ ተማሪያችን የራሷን ድምፅ ስትሰማ፣ ሰባት ጥያቄ አከታትላ ጠይቃ የአንዱንም መልስ ሳትጠብቅ እንዳለፈች ገባት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ሸፍና «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የማወራው?» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቃ ዝም ብላ ጠበቀች። ይህችን ዝም ብሎ መጠበቅ በማስታወሻ ላስተምር ስምንት ዓመት ሞክሬ አልተሳካልኝም ነበር።

2ኛ. ትግስት ስለጠበቀች ሰኪና ተናገረች። ሰኪና እንድሪስን እርስዎ አሁን በደንብ ያውቋታል፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን ላያውቋት ስለሚችሉ፣ ከወሎ መጥታ ሾላ ገበያ ጀርባ ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ በአንድ ዓመት ቆይታዋ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋ ያልተሰማ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ማክሰኞ መስከረም 22 ቀን የታመመ ልጅ ይዛ የመጣች እናት እንድትሆን ዕጣ ደረሳት። ትግስት «ልጁ ምግብ እምቢ ካለ ስንት ቀኑ ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

ሰኪናም «እሱማ መቼ እምቢ አለ፣ የሚሰጠው ጠፍቶ ነው እንጂ» አለች።

ትግስት ጠበቀች። ሰኪና ያጠፈችውን ነጠላ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ እያስጠጋች ቀጠለች፦ «ከብቶቹ አለቁ፣ ዘሩንም በላነው። ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሄደን ብናመለክት የአብዮቱ በዓል እስኪያልፍ ታገሱ አሉን።»

በቃለ ጉባኤዎ ላይ «ክፍሉ በጭብጨባ ደገፈ» ተብሎ መጻፉን አይቻለሁ። ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚያ ክፍል ያን ዕለት ያጨበጨበ አንድም እጅ አልነበረም። ሦስት ልጆች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እኔም ካሴቱን ማቆም ረስቼ ቆሜ ነበር።

3ኛ. ኮሚቴዎ መምህሩ ውጤቱን ከማስታወቁ በፊት ትምህርቱን ስለሚከታተል አመሰግናለሁ። ካሴቱን ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ለዕቃ ቤት ኃላፊው ለአቶ አብዱልናስር አስረክቤ ፈረምኩ። ሐሙስ ጠዋት ሰኪና ቢሮዎ ተጠርታ የራሷ ቃል አንድ በአንድ ተነበበላት። አቶ አብዱልናስርን ብጠይቃቸው «መምህርት፣ እኔ የያዝኩት ቁልፍ ነው፣ ጆሮ አይደለም» ብለው መዝገቡን ከፈቱልኝ። ረቡዕ ዕለት ካሴቱን የወሰደ ሰው ፈርሟል። ስም አልጻፈም፤ ፊርማው ግን በየሰርኩላሩ ግርጌ ከማየው ፊርማ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በኮሌጃችን ውስጥ የእርስዎን ፊርማ አስመስሎ የሚፈርም አደገኛ ሰው ስላለ እባክዎን ይጠንቀቁ።

ካሴቱ ሰኞ ሲመለስልኝ ጀርባውን አጫወትኩት። በመምህራን ሻይ ክፍል የተቀዳ ነው። ኩባያ ይንኳኳል፣ ወንበር ይጎተታል፣ እኔ ደግሞ የገዛሁት በርበሬ ጠጠር እንዳለበት ለሰው አስረዳለሁ። ለካስ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ «ተበላሽቷል» የተባለው ቴፕ ያለ ሕመም ነው የተኛው። ይህን ለባልደረቦቼ ከነገርኳቸው ወዲህ በሻይ ክፍላችን የሚሰማው ሰላምታና ሳል ብቻ ሆኗል፤ ሳሉም ቢሆን ማን እንደሳለ እንዳይታወቅ አጠር ያለ ነው። እኔም ራሴ ይህን ነገር ለማን ለማን እንደነገርኩ፣ ከነገርኳቸውም ውስጥ ወደ እርስዎ የሮጠው ማን እንደሆነ እያሰብኩ በባልደረቦቼ ፊት ሻይ መጠጣት አቅቶኛል።

4ኛ. ሰኪና ስትጠየቅ በቦታው እንድገኝ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። «ጽሑፉን ማን አዘጋጀልሽ?» አሏት። «አልተጻፈም» አለች። «እንግዲያው ማን አስጠናሽ?» አሏት። «ማንም አላስጠናኝም። እናቴ በነሐሴ ወንድሜን ጤና ጣቢያ ስትወስደው አብሬ ነበርኩ። ያለችውን ነው ያልኩት» አለች። እርስዎም ለጸሐፊው «በሦስተኛ ወገን የተቀነባበረ መሆኑን አምናለች» ብለው አስመዘገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህርት የሚጨምሩት አለ?» አሉኝ።

አልጨመርኩም። ወንድሟ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። ሕመምተኛን መጠየቅ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህ በግለ ሒስ ይያዝልኝ። ሰኪና በዚያው ዕለት ላልተወሰነ ጊዜ ከትምህርት ታገደች፤ እኔም ወደ ማስታወሻዬ እንድመለስ ታዘዝኩ፤ ተመለስኩም።

5ኛ. በመጨረሻ የማመሰግነው ስለ ራዲዮው ነው። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ራዲዮው ስለ ድርቁ ሲዘረዝር፣ እርስዎ መላውን ኮሌጅ አዳራሽ ሰብስበው አስደመጡን፣ ቆመንም በኅሊና ጸሎት አሰብን። እህል የጫኑት አውሮፕላኖች ከቦሌ እየተነሡ በክፍሌ ጣሪያ ላይ ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማስታወሻውን ማቋረጥ የግድ ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት እንደዚህ ባቋረጥኩበት ጊዜ ትግስት እጇን አውጥታ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «መምህርት፣ ሰኪና ያለችው ውሸት ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዷም ጠበቀች።

እኔ «ወደ ገጽ አሥራ አራት እንመለስ» አልኳት። ጎበዟ ተማሪዬ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩን እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። ሰኪና የተናገረችውን ነገር መንግሥት ተናግሮታል፣ ራዲዮው ተናግሮታል፣ እርስዎም በአዳራሹ መድረክ ላይ ከእሷ በበለጠ ድምፅ ተናግረውታል። የቀረው ጥፋቷ ስድስት ሳምንት ቀድማ መናገሯ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ከበቂ በላይ ተቀጥታለች፤ ከታገደች አሥራ አንድ ሳምንት ሊሞላት ነውና። ስለዚህ እገዳው ተነሥቶ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ፣ «አምናለች» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላ ጥፋተኛ ካስፈለገ ትምህርቱን ያዘጋጀሁት፣ ዕጣውን ያወጣሁት፣ ካሴቱንም ሳላቆም የቀረሁት እኔ ነኝ።

ለትምህርታችን መዘመን ከማይደክመው ትጋትዎ፣ ከማይዘጋው በርዎና ከማይዘነጋው መዝገብዎ በታች ሆኜ፣ ረጅም ዕድሜና ቀላል እንቅልፍ እየተመኘሁልዎት፣

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር
ዘርፌ ደምሰው
የሕመምተኛ አቀባበል መምህርት

ግልባጭ፦ ለማንበብ ለሚቆም ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ፣ ለመለጠፍ ስመጣ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የእርስዎን አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ወደ ወሎ መጠለያዎች ሄደው ሕመምተኞችን የሚያነጋግሩ፣ የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቁ አሥር ጤና ረዳቶች ስለተጠየቁ፣ «ኮሌጃችን በዘመናዊ ዘዴ ካሠለጠናቸው» መካከል የተመረጡት ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያው ስም ሰኪና እንድሪስ ይላል። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ ደብዳቤውን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ልነግራት ሾላ ወደ አክስቷ ወደ ወይዘሮ ሐሚዳ ቤት ሮጥኩ። ወይዘሮ ሐሚዳ በሩን ይዘው «ወሎ ከሄደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው እኮ፣ የኔ እመቤት። እህል በሚጭነው መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ነው የሄደችው። ትንሹን ወንድሟን ቀብረውታል፤ ባይሆን የሌላውን ሰው ልጅ ልጠይቅ ብላ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ለበላይ አካል የሚልኩትን ሪፖርት ቢያስተካክሉት መልካም ነው። ኮሌጁ የላካቸው ዘጠኝ ናቸው፤ አሥረኛዋ ራሷን ልካለች።