ከአራሷ ግድግዳ ሥር

ኅዳር 4
ማዕዶት ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ። ገንፎውን ዛሬ ጨረሰችልኝ፣ ተመስገን። ልጄ እኔ ዘንድ ልትታረስ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ድረስ መምጣቷ… የሕፃኗን ጨርቅ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ እንሰቱ ሥር ተቆፍሯል። ሦስት ቦታ። ውሻ ይሆን?

ኅዳር 6
ውሻ አይደለም። አሁን ደግሞ አራሷ ከተኛችበት ክፍል ግድግዳ ሥር ገብቷል። ጉድጓዱ ሰው ያስገባል! ጎረቤቴን እየሩስን ጠራኋት። አይታ አማተበች።
«አዋልዲጌሳ ነው! መቃብር የሚቆፍረው!»
«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»
«አራስ ሸትቶት ነው። ቶሎ ድፈኚው።»
በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ አጋዝኩ። ደፈንኩት። ቢላዋም ትራሷ ሥር አደረግኩ።

ኅዳር 7
ገና ቁርስ ሳትቀምስ፣ «እማ፣ አልጋው ሥር የሆነ ነገር ይቧጥጣል» አለችኝ።
አይጥ ነው አልኳት። ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ… አይጥ አይደለም። የጭቃው ወለል አብጧል። ተሰነጣጥቋል። ሕፃኗን እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም። ሁለቱንም ወደ እኔ ክፍል አስገባሁና ለጋሽ ሸረፋ ደወልኩ። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፣ የማያውቀው አውሬ የለም። መጥቶ አየና ሳቀብኝ እኮ!
«ቀን ነው የደፈንሽው?»
«አዎ…»
«ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ነዋ የሚውለው! በሩን ዘግተሽበት በየት ይውጣ? ባልጋው ነዋ!»
«ሬሳ ይበላል ይላሉ።»
«ምስጥ ነው የሚበላው። ግድግዳሽን ምስጥ ጨርሶታል። ወላሂ፣ ካንቺ ይልቅ እሱ ፈርቷል።»
እንጃ። ከእኔ በላይ የፈራስ አይመስለኝም። ድንጋዩን አንስቶ የጉድጓዱ አፍ ላይ አመድ ነሰነሰ። ልጄ ላይ የዘጋሁት እኔው ራሴ… ሰው እንዲህ ይሳሳታል?

ኅዳር 8
አመዱ ላይ ዱካ አለ፣ ወደ ውጭ። የሚመለስ የለም። ጋሽ ሸረፋ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞላው። እልል አልኩ።

ኅዳር 11
ወለሉ ተደልድሎ ተለቀለቀ። አልጋው ተነጠፈ። ማዕዶት ግን ከበሩ ደፍ አላለፈችም።
«እማዬ አይክፋሽ… እስከ ክርስትናዋ እቆያለሁ ብዬ ነበር። የእኛ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው።»
ልብሷን አጣጠፍኩላት፣ ቅቤውን ቋጠርኩላት። ነገ ጠዋት ባሏ ይመጣል።
ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ።