የሰይድ ፎቶ ያለባት ማሽን

ሐይቅ ከተማ፣ ጥቅምት 7፣ 2014፣ ከ/ሰዓት
ሱቃችን ውስጥ ፎቶኮፒ ሳነሳ ዋልኩ። ሰው ሁሉ መታወቂያውን፣ የቤት ካርታውን ያስገለብጣል። ጦርነቱ ስለቀረበ ለመሸሽ ነው። ወንድሜ ሰይድ ግን ከአሮጌዋ ኮምፒውተር ጋር ነው። አዲሱን ዲስክ አላውቅም ስላለችው ባዮሷን ያድሳል። ስትነሳ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው፤ እድሳቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ አለቀላት፣ አለኝ። በዚህ ሰሞን መብራት ይታመናል ወይ? ብለው ሳቀብኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማራገቢያዋ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ። ሰይድ ምሳም አልበላ።

ጥቅምት 9
ሰይድ አክስታችንን ሊያመጣ ወደ ውጫሌ ወጣ። መንገዱ ወደ ደሴ በሚሸሽ ሰው ተሞልቷል፤ እሱ ብቻ ወደ ላይ። እማዬ አትሂድ ብላ ለመነችው። አብሽሪ፣ እመለሳለሁ፣ አላት።

ታኅሣሥ 25
ማስታወሻዬ፣ ከእህል ጎታው ሥር አወጣሁሽ። መሀል ያለውን አልጽፍም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ታጣቂዎቹ ከተማውን ለቀው ወጥተዋል። ሱቃችን ተሰብሯል። ላፕቶፑ የለም፣ ፎቶኮፒው የለም። ስልኬንማ ከእጄ ነው የነጠቁኝ። ያቺን የሞተች አሮጌ ብቻ ጥለዋት ሄደዋል። አክስቴ ሰይድ በወጣ ሰሞን በአቋራጭ በእግሯ ደርሳ ነበር። ሰይድን አላየችውም።
ሰይድ የለም።

ጥር 3
አባዬ ዛሬም ከውጫሌ ባዶ እጁን ተመለሰ። ስም እየጠራ ቢጠይቅ ማን ያውቀዋል? ፎቶ አምጣ ይሉታል። ቤት ያለው ልጅ ሳለ የተነሳው ነው፤ ጢም እንኳ የለውም። ለመንጃ ፈቃድ ያነሳሁት ማሽኗ ውስጥ አለ። አሮጌው ዲስኳ ደህና ነው፤ የታጣው የሚያነበው ኮምፒውተር ነው። ሐይቅ ላይ አንድም አልተረፈ። ደሴም እንደዚያው ነው ይላሉ። ቦርዷ ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ አወጣሁ፣ መለስኩ። ባዮሱን በፍላሽ ልጭንባት ሞከርኩ። ወይ ፍንክች።
እማዬ በር በሩን ታያለች። ለቅሶ እንቀመጥ ያለቻትን ጎረቤት ከቤት አስወጣቻት። ልጄ ሳይሞት!

ጥር 8
አባዬ ውጫሌ ላይ የኮምፒውተር ጠጋኝ አገኘ። ደሳለኝ ይባላል። ከተሰባበሩት የቢሮ ኮምፒውተሮች የአንዷ ቦርድ ከኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ነው አሉ። ባዮሱ ያለባትን ቺፕ ነቅሎ ሊያመጣልን ቃል ገባ። ያረቢ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ፎቶው ባይገኝ ይሻል ይሆን?

ጥር 13፣ ጠዋት
ደሳለኝ መጣ። ትንሽ ሰው፣ ዝምተኛ። የሞተችውን ቺፕ በመርፌ ፈነቀለ፣ ያመጣትን አስገባ። «በስመ አብ» ብሎ ለኮሳት። ጢጥ አለች! ስክሪኑ በራ! ፎልደሩን ፈልጌ ፎቶውን ከፈትኩ።
ደሳለኝ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ ወደ አባዬ ዞረ፦
«ሰማያዊ ጃኬት ነበረው?»
«ነበረው» አለ አባዬ።
«እኛ ነን የቀበርነው፣ አባቴ። እኔና ጎረቤቴ ሁሴን። ከውጫሌ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር። ኪሱ ባዶ ነበር፤ ስሙን በምን እንወቅ? ሃይማኖቱንም አላወቅን። ሁሴን ዱዓ አደረገለት፣ እኔም በኔ ጸለይኩለት።»
አባዬ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ኢና ሊላሂ ብሎ ጀመረ፣ መጨረስ አቃተው። እኔ አላለቀስኩም። ስክሪኑን አየሁ። ቀና በል ስለው የሳቀው ሳቅ ነው።

በዚያው ቀን፣ ትንሽ ቆይቶ
ነገ አባዬና ደሳለኝ ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። አባዬ ለእናትሽ እኔ ልንገራት አለ። እምቢ አልኩ። እሱ ገና ቃል ሳይወጣው ይወድቃል። እኔ ነኝ የምነግራት።
ከጓሮ እየጠራችኝ ነው። ማሽኗ ተነሳች ወይ? ትላለች።
መጣሁ ብያታለሁ።