የተቆለፈው መሳቢያ

ደረቁ ወንድሜ፣

መጀመሪያ ካርዱን ገልብጠህ ሥዕሉን እይልኝ። ያገኘሁት ጉቦኞችን እንጨት ላይ እየቀረጸ በቀለም የሚያትም አንድ ሽማግሌ ጋ ነው። ግድግዳው ሙሉ ሹም ነው! ዳኛው በጆሮው ፈንታ ኪስ ተሰፍቶለታል፤ ሹሙ ቦርጩ በበር አልገባ ብሎት ተላላኪዎቹ ከኋላ ይገፉታል። እጁ ይባረክና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። "ሲሾም ያልበላ" የምንለው እዚህ ሰው አገርም አለ ለካ!

ይሄኛው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። የጸሐፊዎቹ መሳቢያ ሁሉ እንደ አፍ ተከፍቶ ባለጉዳይ ብር ያጎርሰዋል፤ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ብቻ መሳቢያውን ቆልፎ ይጽፋል።

"ይሄስ ማነው?" አልኩት።

"እሱን እንኳ ከራሴ ነው ያመጣሁት። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ! አልበላም ስላለ ቢሮው 'ደረቁ' የሚለው፣ እድገትም የቀረበት ጓደኛዬ ነው። የሱ መሳቢያ ከምሳ ዕቃው ሌላ አያውቅም።"

ሽማግሌው ካርዱን ከግድግዳው አውርዶ በእጄ አስያዘኝ። ብከፍለው እምቢ አለ።

ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ሽማግሌው "ስጦታ ነው፣ ጉቦ እንዳይመስለው" ብሎሃል። አውቅሃለሁና፣ እባክህ እንዳትመልሰው።