ከአምስቱ ምክንያቶቻችሁ የቀሩኝ ሁለቱ

ለዶክትሬት አመልካቾች መራጭ ኮሚቴ ክቡራን አባላት፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ አምላክ ጤናችሁን እንዲጠብቅና ከሆስፒታል ደጅ እንዲያርቃችሁ እለምናለሁ። እኔ ከግቢያችሁ ፊት ለፊት ሱሪ የማሳጥር፣ ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለልኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነርሷ ልጄ ላጥናው ብላ ያቀረበችላችሁ ርዕስ፣ በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ለአስታማሚው ከሚነግረው ውስጥ ስንቱ ቤት ይደርሳል የሚል ነበር። ውድቅ መሆኑ ሲሰማ እሷ ተረኛ ስለነበረች ምክንያቱን ልጠይቅ እኔ መጣሁ። ጸሐፊያችሁም ኮሪደር ላይ ቆመው አምስቱን ምክንያቶች ሳይሰስቱ ዘረዘሩልኝ፤ አባባ ገባዎት ወይ ሲሉኝም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ርዕሱ ማንም የሚያውቀው ተራ ነገር ነው ተብሏል። ማንም የሚያውቀውን ሳላውቅ ስድሳ ሦስት ዓመት ስለኖርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ከዚህ በፊት ማንም ስላላጠናው የሚጠቀስ ጽሑፍ የለውም ተብሏል። ይህንን ከፊተኛው ጋር ስፋ ብባል ክሩ በተበጠሰብኝ ነበር፤ ለእጃችሁ ጥበብ አድናቆቴ የላቀ ነው።

3ኛ. ይህ ስለ ጊዜ ይመስለኛል። ወይም ስለ ዘዴ።

4ኛ እና 5ኛ. መንገዱን ስሻገር ጠፍተውብኛል።

ልጄ ከሥራ ተመልሳ ምን አሉ አባዬ ስትለኝ የያዝኩትን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እስክሪብቶዋን አንስታ «ከአምስት ሁለት» ብላ ጻፈች።

የዛሬ አራት ዓመት እናቷን ከሆስፒታል ሳስወጣም ሐኪሙ እንዲሁ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስለ ክኒኖቹ ነግሮኝ፣ እኔም እንዲሁ ነቅንቄያለሁ። የማንንም ሱሪ ቁመት በቃሌ ይዤ አላውቅም፤ ደብተር አለኝ። የሚስቴን መድኃኒት ግን በቃሌ ያዝኩ። ከሳምንት በኋላ ይቁም የተባለው የትኛው እንደሆነ ስለጠፋብኝ ሁሉንም ቀጠልኩ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ከዚያ ወዲህ በጸሎቴ ይቅር በለኝ ስል፣ ይቅርታው ስለ መርሳቴ ይሁን ስለ መነቅነቄ እስካሁን አልለየሁትም። ልጄ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ርዕስ ጻፈች።

ይግባኟ አርብ ይታያል። ተራ ነገር እንዳይገባ ደጁን ስለምትጠብቁልን እያመሰገንኩ፣

ራሱን እየነቀነቀ የሚያከብራችሁ፣
ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ የኮሚቴው ሰብሳቢ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሱሪ ትተውልኝ፣ እያንዳንዱ ስንት ሴንቲ እንዲያጥር በቃል ነግረውኛል። አርብ ከስብሰባው በፊት ብቅ ብለው ሁለቱንም ቁጥር ከነገሩኝ፣ ልጄን ይግባኙን ተይው ብዬ እኔው እለምናታለሁ። ካላስታወሱም አይጨነቁ፤ እኔ ጽፌዋለሁ።