ስድስት ደቂቃዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

አምቦ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውድ ኦቦ ጋሮማ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰቡ፣ ለከብቱና ለአዝመራው የሚገባውን ሰላምታ አልዘረዝርም፤ ካቺሲ ላለ አማት ሰላምታ ከተጀመረ ወረቀት አይበቃም። ጥፋቴን ላስቀድም። ባለፈው ማክሰኞ በስልክ የሰጡት መልስ ለሽማግሌዎቻችን ተበላሽቶ ደርሷል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እንደሚያስታውሱት ሽማግሌዎቼ በግንቦት መጥተው ልጅዎን ለንሳን ሲጠይቁልኝ፣ «ከዘመድ ተማክሬ እመልሳለሁ» ብለዋቸዋል። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ዕድሜያቸው ተደምሮ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈ ሦስት ሽማግሌዎችን በዚያ ጭቃ መጎተት ግፍ ነው። የኮምፒውተር አስተማሪ መሆኔስ ለመቼ ነው? «መልሱ በስልክ ይምጣ፤ እኔ እቀዳዋለሁ፣ ተሰብስባችሁ ትሰሙታላችሁ» አልኳቸው።

«ማሽኑ ቢዋሽስ?» አሉ አለቃቸው ኦቦ ኤጄታ።

«ኦቦ፣ ማሽን ጉቦ አይበላ፣ አይረሳ፣ አይጨምር፣ አይቀንስ» አልኩ። አፌ እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

የምቀዳበት ፕሮግራም የሚነኩት ሥዕል፣ የሚጫኑት ምልክት የለውም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እንደ ወታደር ይፈጽማል። የእኔ ትእዛዝ፣ «ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ከጠፋ መቅዳት አቁም፤ ሲመለስ ቀጥል» የሚል ነበር። የማሰልጠኛችን ኮምፒውተር ሆዱ ስለሞላ ባዶ ነገር አላስቀምጥም ብዬ ነው። ስንት ድረስ ዝቅ ያለ ድምፅ ዝምታ እንደሚባልም ለማሽኑ መንገር ያስፈልጋል። ቆርቆሮዎ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ንግግር ብሎ እንዳይቀዳው ልኩን ከፍ አደረግኩት። የእርስዎም ትንፋሽ ከዝናቡ ጋር ዝምታ ተባለ።

ማክሰኞ ኔትወርክ አግኝተው ሲደውሉ ሽማግሌዎቹ ጊንጪ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ጠያቂው መልሱን በራሱ ጆሮ መቀበሉ ነውር ነውና ሞባይሉን ከማይክራፎኑ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ከወረቀት ያነበበችልዎ የማሰልጠኛው ጸሐፊ ሃዊ ናት። «እስኪመልሱ አፍሽን እንዳትከፍቺ» ብያት ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘችኝ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ማሰልጠኛው ቢሮ፣ ሃዊ ባለችበት ተቀመጡ። ቅጂውን ከፍቼላቸው ከበሩ ውጭ ቆምኩ። የሃዊ ድምፅ፣ «ለንሳን ለልጃችን ለቀንዓ ይሰጡናል ወይ?» አለ። ወዲያው፣ ከጥያቄው ጭራ ላይ፣ የእርስዎ፦ «ሰጥቻችኋለሁ።»

እኔ ልዘል ነበር። ውስጥ ግን የሚመርቅ ጠፋ።

«ድገመው እስቲ» አሉ ኦቦ ኤጄታ። ገብቼ ደገምኩት።

«ምን አስቸኮለው ይሄን ሰው?» አሉ አሁንም ኦቦ ኤጄታ።

«እኔ አንካሳ አህያዬን ስሸጥ እንኳ እንዲህ አልፈጠንኩም» አሉ ኦቦ ረጋሳ። «አባት ልጁን ሲጠየቅ ዝም ይላል፣ አንገቱን ይደፋል። ይሄ ከቤት ሊያስወጣት የቸኮለ ነው። ልጅቱ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው።»

«ኧረ ዝም ብለዋል» አለች ሃዊ። «ዝም ባሉበት እኮ የአሥሩንም ጣቴን ጥፍር ሞርጄ ጨረስኩ።»

«ማሽኑ አይቀንስም ተብለናል። ባንቺ ጥፍር ነው የምንፈርደው?» ኦቦ ኤጄታ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ያን ያማረ ንግግሬን ማን ይዋጥልኝ? ሞባይሌን አውጥቼ አሳየኋቸው። ጥሪው ዘጠኝ ደቂቃ፣ ቅጂው ሦስት።

«ስድስቱስ የት ገባ?»

«ዝምታ ነበር ኦቦ። ባዶ መስሎኝ ቆረጥኩት።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ኦቦ ኤጄታ ቀስ ብለው፣ «አባትየው ስድስት ደቂቃ ሙሉ ልጁን ሲሰናበት ነው አንተ ባዶ ያልከው? የልጅቱን ክብር ነው የቆረጥከው» አሉ።

እርስዎ እዚያ ዝናብ ስር ስልክ ይዘው ስለ ልጅዎ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እኔ ያን ማክሰኞ ውጭ ቆሜ፣ «ምን ያንዛዛሉ እሳቸው» እያልኩ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ፈረዱ፦ የተቆረጠ ቃል ቃል አይደለም፤ እሽታዎ አልጸናም። ፈቃድዎ ከሆነ እንደገና ይመልሳሉ፣ ሐሳብዎን የመቀየርም ሙሉ መብት አለዎት። የመጨረሻዋን ሐረግ በእኔ ፍላጎት አልጻፍኳትም፤ ኦቦ ረጋሳ ከጀርባዬ ቆመው ነው። ለንሳ ደግሞ ስነግራት አልተቆጣችም። «አባዬ አንተን ለመቀበል ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀበት?» ብላ ሳቀችብኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ የአያና በቅሎ ጭቃ ስለማትፈራ በጊዜ ይደርስዎታል፤ ስለዚህ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ስልክዎን እንጠብቃለን። ሦስቱም ሽማግሌዎች በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ፤ የሚቀዳ ነገር የለም። ስድስት ደቂቃም ይሁን ስልሳ፣ ዝም ይበሉ። ሃዊም ሞረዷን ቤቷ ትታ ትመጣለች። ለለንሳ የሚገባትን ያህል ዝም ካሉ በኋላ ምን እንደሚሉ እኔ አልጠራጠርም። ቢሆንም ያን ቀን እጾማለሁ።

ልጅዎ ለመባል ሁለተኛ ቀጠሮ የተሰጠው፣
ቀንዓ