በመጋቢት አልቋል ያልኩት ፓምፕ

ውድ ሙኒያማ፣

እንደምን ሰነበትሽ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከፈትል ፋብሪካችሁ በር ትይዩ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። አንቺ ከግንቡ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሦስት አውቶቡስ ቀያይሬ የመጣሁት ይግባኝ የምንልበት ጊዜ ነገ ዓርብ ቢሮ ሲዘጋ ስለሚያበቃ ነው። ማመልከቻው ተጽፏል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ፈርሚልኝ ማለት አልችልም።

ኒቲንና ጓደኞቹ ከከተማ በበጎ ፈቃድ መጥተው ታች ሰፈራችን የውኃ ፓምፕ እንትከልላችሁ ሲሉ ከሁሉም ይበልጥ የፈነደቅሁት እኔ ነበርኩ። ኒቲን በጓንት ስለሚቆፍር «ሙሽራው» ነበር የምትይው። እንደ ታላቅ እህትሽ እየጠራሽኝ «አካ፣ የእነዚህ እናቶች ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ?» እያልሽ ስትስቂባቸው እነሱም ምን እንዳልሽ ሳይገባቸው አብረውሽ ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ ያመጣቸው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ ብዬ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ እንጎራደዳለሁ። እኛ ገመዳቸውን ብንነካ ውኃቸው ይረክሳል የሚሉን ዳሊቶች የራሳችን ውኃ ሊኖረን ነዋ! ላይ ሰፈር ጉድጓድ ወጥቶ፣ እንስራን መሬት አስቀምጦ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ከሴቶቻቸው አንዷ ደስ ሲላት መጥታ እስክትገለብጥልን ፀሐይ ላይ መገተር ሊቀርልን ነው።

አለቱ ግን እምቢ አለ። መሰርሰሪያው ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ልጆቹም ትምህርታቸው ተከፍቶ ሄዱ። የበጀት ዓመቱ ደግሞ የሚዘጋው በመጋቢት ነው፤ እስከዚያ አልቋል ያልተባለ ሥራ ይሰረዛል። አለቃዬ ጋሼ ጄባራጅ ጠራኝና «ፓፓቲ፣ መጋቢት ሃያ ስምንት ተጠናቋል ብለሽ ጻፊና ፈርሚበት። በሁለት ሳምንት ያልቃል። የማያደርገው ድርጅት አለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የማያደርገው የለም። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። «ነዋሪዎቹ ከዛሬ ጀምሮ ከሌላ ቦታ ውኃ መቅዳት አያስፈልጋቸውም» የሚለውን ግን ማንም አላዘዘኝም። ራሴ ነኝ የጨመርኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ፓምፑ ውኃ ያወጣው በሰኔ ነው። አንቺ የተደበደብሽው በግንቦት ነው።

ያንን ቀን ላንቺ መተረክ አይገባኝም። ልጅሽ ፖኒ በትኩሳት እየነደደች ከጠዋት እስከ ቀትር ጉድጓዱ አጠገብ ቆመሽ፣ የሚገለብጥልሽ ጠፍቶ ገመዱን በገዛ እጅሽ ያዝሽ። የባለመሬቱ ልጅም በባልዲው ብረት አንጓሽን ሰበረው። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ሐኪም ቤት «አካ፣ ተይው፣ ነገ ማን ማሳው ላይ ያሠራኛል?» ስትይኝ «ሕግ አለ፣ እኔም አለሁ» ብዬ ክስ ያስመሠረትኩሽ እኔ ነኝ።

ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስን። ከዚያ የዚያ ሰው ጠበቃ ተነሣ።

«ደጃፍሽ ላይ ፓምፕ እያለ ላይ ሰፈር ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ጠብ ፍለጋ ካልሆነ?»

«ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ፓምፕ አልነበረም።»

«ይኸው የራሳችሁ ድርጅት ወረቀት! መጋቢት ሃያ ስምንት ይላል። ዋሾዋ አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?»

ዞር ብለሽ በዓይንሽ ፈለግሽኝ። «አካ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» ብለሽ ጮኽሽ፣ ዳኛውም ገሠጹሽ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጋሼ ጄባራጅ አጠገቤ ሆኖ «አንድ ቃል ከተነፈስሽ የአራት ሰፈር ፓምፕና የማታ ትምህርት ቤትሽ አብረው ይዘጋሉ» አለኝ በሹክሹክታ። በእሱ ማላከኬ አይደለም። እግር ነበረኝ፣ መነሣት እችል ነበር። ፈራሁ፣ ሙኒያማ። አንቺን ፊደል ያስቆጠርኩበት ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ።

ሰውየው በነጻ ተለቀቀ። አውቶቡስ ስንጠብቅ «ወረቀቱ ላይ ያንን ቀን ማን ነው የጻፈው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ቢሮው» አልኩሽ። አመንሽኝ። ዳቦሽንም ለሁለት ቆርሰሽ ሰጠሽኝ፣ እኔም በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ላይ ሰፈሮች ስምሽን «ውሸታሟ» አሉት። በአረምም በአጨዳም የሚጠራሽ ጠፋ፣ ፖኒን ለእናትሽ ትተሽ ወደዚህ መጣሽ። እኔ ደመወዜን እየበላሁ እዚያው ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ለጠበቃችን ነገርኳት። «ይኼን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?» ብላ ሕፃን እንደሚቆጡ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ወረቀት አነሣች። ኒቲንም ስደውልለት አለቀሰ፤ ሰኔ ላይ ሥራው ሲያልቅ ሊያይ ተመልሶ ያነሣውን ፎቶ ከነቀኑ ላከልን። ጠበቃዋ «በዚህ እንረታለን፣ ብቻ ሙኒያማ ትፈርም። ያለ ተበዳይዋ ፊርማ መዝገብ አይከፈትም» አለችኝ። ለጋሼ ጄባራጅ ልመሰክር ነው ስለው አልጮኸብኝም። መነጽሩን አውልቆ «እንግዲያው መልቀቂያሽንም አብረሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ትክክለኛውን ቀን ጻፍኩበት።

እዚህ ከደረስኩ ግን ፋብሪካችሁ የሚጠብቅሽ እንደ እስረኛ ነው። ስልክሽን ቀምተውሻል ለካ። ዘበኛውን ለመንኩት።

«ምኗ ነሽ?»

«እህቷ።»

«በእናት ነው በአባት?»

«እንደ እህቷ ነኝ።»

«እንደ እህት የሚል እዚህ መዝገብ ላይ የለም። የሚገባው ወላጅ ብቻ ነው፤ እሱም እሑድ።»

«አንድ ፊርማ ብቻ ነው! ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው!»

«እናቴ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ከፍቼልሽ ብባረር አንቺ ትቀልቢኛለሽ?»

እንጀራዬን እንዳላጣ የሚለውን አፍ እኔም አውቀዋለሁ። እናትሽን ላምጣ ብል እንኳ እሑድ ነው፤ እሷንም እግሯ ከአልጋ አያወርዳትም። በግንቡ ጥግ ዞሬ በመስኮቶቹ አንጻር ስምሽን ተጣራሁ። የማሽኑ ድምፅ የራሴን ጩኸት ለራሴም አላሰማኝ። ሁለት ልጆች ከፎቅ አይተው እጃቸውን አወዛወዙልኝ፣ አበድኩ ብለው መሰለኝ። አንቺ አልነበርሽም። ተመልሼ እዚህች ሻይ ቤት ገባሁና ወረቀት ገዛሁ።

ፖኒ ደህና ናት፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች።

ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም። «ደብዳቤሽን አደርሳለሁ» ብሎ በልጆቹ ምሎልኛል። «መቼ ነው የምትሰጣት?» ብዬ ጠየቅሁት። ደብዳቤ የሚታደለው እሑድ ብቻ ነው አለኝ።

እንግዲህ ይህን ስታነቢ ዓርብ አልፏል። ሙኒያማ፣ ያንን ቀን የጻፈው ቢሮው አይደለም። እኔ ነኝ።

ፓፓቲ